አንድ እጅ አሲድ፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ

የላብራቶሪው ኃላፊ በሥራ ጠረጴዛውና በመታጠቢያው መካከል በጀርባው ተዘርሮ ነበር። ፊቱን አሲድ አቃጥሎታል፤ የገደለው ግን ሲያፈገፍግ ወድቆ ማጅራቱን የመታው የጠረጴዛ ጠርዝ ነው። መርማሪዋ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ትመላለሳለች። ውጭ የፖሊስ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም የሟቹን የእህት ልጅ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ልጅቷ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ። ትናንት አሲዱን በርዛ ጠርሙሱ ላይ የጻፈችበት እሷ ናት። «አንድ እጅ አሲድ፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ ብዬ ነበር። ገልብጬው መሆን አለበት። አጎቴ ጽሑፌን አምኖ ከጠርሙሱ ወደ ብርጭቆ ቀድቶ ውሃ ሲጨምርበት ፈልቶ ተረጨበት።»

ከጠዋት ጀምሮ ስሌቱን አሥር ጊዜ ደጋግማ ሠርታዋለች። አሥሩም ልክ ነው፤ እሷ ግን ራሷን ማመን አቅቷታል።

ምክትል ኃላፊው ከንፈሩን መጠጠ። «ልጅ ናት እንግዲህ፣ ምን ይደረግ! ጠርሙሱን ያመጣሁለት እኮ እኔው ነኝ። ጠዋት ከመደርደሪያው አንስቼ፣ በቀዩ ባልዲ አድርጌ። ምን አውቄ!»

መርማሪዋ መመላለሷን ተወችና ወደ ሽማግሌው ግምጃ ቤት ጠባቂ ዞረች።

«ጋሼ፣ ከዚህ ጠርሙስ መቶ ሚሊሊትር ይመዝኑልኝ።»

ሽማግሌው ጓንት አጥልቆ መዘነ። «መቶ ሰማንያ አራት ግራም። ውሃ ቢሆን መቶ ነበር። ይኼ ያልተበረዘ ነው፣ ጠብታ ውሃ የለበትም!»

«ልጅቷ ትናንት ስንት ወሰደች?»

«መቶ ሚሊሊትር ብቻ። ራሴ ነኝ የለካሁላት።»

«ቀዩ ባልዲስ ምን ይሠራል?»

«ያልተበረዘ አሲድ መያዣ ነዋ! ጠርሙሱ ቢሰበር እግር እንዳያቃጥል። የተበረዘውንማ እንዲሁ በእጃችን ይዘን ነው የምንሄደው።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«በመቶ ሚሊሊትር አሲድ ይህ የአንድ ሊትር ጠርሙስ አይሞላም። ገልብጣው ቢሆን እንኳ ውሃ ይኖርበት ነበር። ስለዚህ እሷ የበረዘችውን ደፍቶ በቦታው ያልተበረዘ የሞላ ሰው አለ። ጋሼ፣ የግምጃ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ሽማግሌው በአገጩ ወደ ምክትሉ ጠቆመ።

«እርስዎ» አለች ለምክትሉ፣ «ውስጡ ያለውን ባያውቁ ኖሮ ባልዲው ምን ያደርግልዎታል? ኃላፊውን ሊያቃጥሉበት ያዘጋጁት የራስዎን እግር እንዳይነካ ፈሩ።»

ምክትሉን ላብ አጠመቀው። «ሳልመረምር ውጤት እጽፍ ነበር። ነገ ለቦርዱ ሊናገርብኝ ነበር። ጥቂት ቀን ሆስፒታል እንዲተኛልኝ እንጂ... ይሞታል አላልኩም!»

መኪናው እሱን ይዞ ሄደ። ልጅቷ ዞራም አላየችው።

«ስሌቴ ልክ ነበር ማለት ነው?»

«ልክ ነበር፣ የኔ እህት። መጀመሪያውኑም ልክ ነበር።»

«አጎቴን!» ብላ ጮኸች ያኔ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልታለቅስለት እንኳ መብት ያላት አልመሰላትም ነበር።