ያልጻፍነው ምስክር

ቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ጂን፣ ቡዳ፣ ዛር ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፤ ኮምፒውተር ያላዘዙትን አይሠራም፣ ከተሳሳተም የተሳሳተው ጸሐፊው ነው እያልኩ ስንቱን ደንበኛ አሳፍሬ መልሻለሁ። ይህን የማወራህም ታምነኛለህ ብዬ ሳይሆን ዝም ማለቱ ስለከበደኝ ነው።

አሶሳ ውስጥ ከሐጂራ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ለገጠር ይዞታ የሚሆን የመሬት መዝገብ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ሐጂራ የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ ሥራዋን አሳምራ ታውቃለች፣ ምላሷ ግን ሚጥሚጣ ነው፣ እኔም ብሆን ለጠብ ሲጠሩኝ አቤት የምል ሰው ነኝ። ያን ሰሞን የተጣላነው በፍሬምወርክ፣ ማለት ፕሮግራሙ በሚቆምበት ዝግጁ ማዕቀፍ፣ ምርጫ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፣ አንዱ የፕሮግራም ክፍል ሌላውን ሲፈልግ፣ ለምሳሌ መዝገቡ ዳታቤዙን ሲፈልግ፣ ፍሬምወርኩ አምጥቶ ያቀብለዋል። እኔ የመረጥኩት ፋይሉን ሁሉ ራሱ አስሶ የሚያመጣውን ነው፤ እሷ ደግሞ በስም ካልጻፍክለት ምንም የማያቀብለውን።

«ራሱ ፈልጎ ካመጣ፣ ከየት አመጣህ ተብሎ ማን ይጠየቃል?» አለችኝ።

«አንቺ ዝም ብሎ መጻፍ ስለምትወጂ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም፣ ሰላምታውም ጥርስ እየተነከሰ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የእኔን ምርጫ ልንሞክር ተቀመጥን። ለመሞከሪያ የእናቴን መሬት አስገባሁ፤ ልኩን በቃሌ ስለማውቀው ነው፣ ሌላ ተንኮል የለበትም፣ እመነኝ። እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣች ሰፋሪ ናት፣ በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ትኖራለች፣ አጎቴም የድንበር ምስክር እንደሌላት አውቆ ግማሽ መሬቷን ሊወስድ ከሷት ነበር።

ፕሮግራሙ ሲነሳ ያገናኛቸውን ክፍሎች ስክሪኑ ላይ ይዘረዝራል። ዳታቤዝ አለ፣ ካርታ አለ፣ ባለይዞታ አለ፣ መጨረሻ ላይ «ምስክር» አለ። ክው አልኩ። መዝገቡ ምስክር የሚባል ክፍል ይፈልጋል፣ ክፍሉን ግን የጻፈው ሰው የለም፤ እኔ እሷ ትጽፈዋለች ብዬ፣ እሷም እሱ ይጽፈዋል ብላ፣ በኩርፊያው ሳንነጋገር ቀርተናል። እንግዲህ ስህተት ብሎ መቆም ነበረበት። አልቆመም። ፊደሎቹ አንድ በአንድ፣ መጻፍ ያልለመደ ሰው በአንድ ጣቱ እንደሚለቅማቸው ሆነው ወጡ፤ ኪቦርዱ ላይ የማንም እጅ የለም፣ ጠቅ... ጠቅ... የሚለውን ግን ሰምቻለሁ፣ ሐጂራም ሰምታለች።

«የድንበር ምስክር፦ ይመር። ዕድሜ፦ ሠላሳ ዘጠኝ።»

ይመር የሚባል ሰው አላውቅም።

ሐጂራ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። «እናትህ ነው አይደል ይሄ? የእናትህ መሬት! ምስክር ራስህ አስገባህ!»

«ወላሂ አላስገባሁም!»

«ወላሂ አትበለኝ። ፋይሉ የት አለ? አሳየኝ!»

በየፎልደሩ ፈለግን፣ ይመር የሚል ቃል የትም የለም፣ ዳታቤዙ ውስጥም የለም። መብራት ጠፋ፣ በላፕቶፔ ባትሪ ቀጠልን፣ እንደገና ስናስነሳው ያው ይመር፣ ያው ሠላሳ ዘጠኝ። ደሜ ፈላ፤ አፈርኩም፣ ምክንያቱም በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ሌባ ነበር የምለው። እልህ ይዞኝ ሐጂራ እንድትሰማ ስፒከር ላይ አድርጌ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ይመር የሚባል ጎረቤት አለን?»

«ማን ነገረህ?» አለች። «የፊተኛው ልጄ ነው። እዚህ በመጣን በዓመቱ ወባ ወሰደብኝ። ያኔ የመቃብር ቦታ እንኳ አልተለየም፣ አሁን የማሳው ዳር በሆነው፣ ድንበሩ ላይ ነው የቀበርነው። አንተ ሳትወለድ ነው፣ ስሙንም ከዚያ ወዲህ አልጠራሁት።»

ሐጂራ ፊቷ ተለዋወጠ። ግን ምን አለች መሰለህ? «ከእናትህ ጋር ተማክራችኋል» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

እንዳትሄድ፣ ሥራዬም ስሜም እንዳይጠፋ፣ እዚያው ፊቷ የእኔን ፍሬምወርክ ከነመዝገቡ አጠፋሁት። የእሷን ጫንን። ስናስነሳው «ምስክር አልተገኘም» ብሎ ቆመ፣ እሷም ረክታ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር እኔም እፎይ ብዬ ነበር።

ማታውን እናቴ ደወለች፤ ስሙን መዝገቡ ላይ ተጽፎ እንዳገኘሁት ነገርኳት። «ዕድሜው ተጽፏል?» አለች። ሠላሳ ዘጠኝ አልኳት። በጣቷ ስትቆጥር ይሰማኛል። «ልክ ነው፣ አድጓል» አለች። «አደራህን፣ እንዳታጠፋብኝ።»

አጥፍቼዋለሁ አላልኳትም። አጎቴ እንደሆነ መሬቱን እስከ መቃብሩ ድረስ በፍርድ ወስዷል። እሷ ግን ስለ መሬቱ አታነሳም፣ በደወለች ቁጥር ስለ ይመር ነው የምትጠይቀኝ፤ ባለፈው ሳምንትም ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ደወለች፣ «አሁን ስንት ይላል?»

«አርባ ሞላው» ብዬ ዋሸኋት።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተዘጋው ላፕቶፔ ውስጥ ጠቅ... ጠቅ... ሲል ሰማሁ። ሐጂራም ከሥራዋ ቀና አለች።