የዱባለ መክተፊያ

ኢንስፔክተር ፈቲሀ ቡታጅራ ካለው የዱባለ ክትፎ ቤት ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም ነበር። ዱባለ ከገበታው አጠገብ በጀርባው ተዘርሯል፤ ከንፈሩና ዐይኑ ከማበጣቸው የተነሳ ሌላ ሰው መስሏል።

እግሩ ተሰብሮ አታት ሆስፒታል ወር ሙሉ ተኝቶ የተመለሰው በዋዜማው ነው። በዚያ ረፋድ በገዛ እጁ ከትፎ፣ ከሚስቱ ከአሰፋሽና ከታናሽ ወንድሙ ከቴዎድሮስ ጋር ሊበላ ተቀመጠ። ሦስት ጉርሻ ሳይሞላ ጉሮሮውን ያዘ።

«ገዳዩ ይኸውና!» አለች አሰፋሽ ወደ ቴዎድሮስ እያመለከተች። «ባሌ ለውዝ ከቀመሰ እንደሚሞት ያውቃል። በልጅነቱ ከሞት አፋፍ ሲመለስ አጠገቡ ነበር። እዚህ ቤት ለውዝ ገብቶ አያውቅም። ኪሱን ፈትሹት!»

ከኪሱ ግማሽ ጭብጥ የተቆላ ለውዝ ወጣ። ወንድማማቾቹ በአባታቸው ግቢ ውርስ መካሰስ ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል።

«ለመንገድ የገዛሁት ነው» አለ ቴዎድሮስ። «ልታረቀው ነበር የመጣሁት። ልታረቀው።»

ካቴና አጥልቀው ወሰዱት።

የሐኪሙ ውጤት በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ መርዝ የለም፣ ጉሮሮው አብጦ ነው የታፈነው። ፈቲሀ ወደ ክትፎ ቤቱ ተመልሳ፣ እዚያ ሃያ ዓመት የሠራውን ከታፊ ሀብተጊዮርጊስን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘችው።

«ክትፎውን ማን ነካው?»

«ከራሱ በቀር ማንም። ከትፎ፣ አሽቶ፣ በየጣባው አድርጎ ይዞት ወጣ። ቴዎድሮስ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማዶ ተቀምጦ የራሱን ጣባ ነው የበላው።»

«ቅቤውና ሚጥሚጣውስ?»

«ማታውንም ከዚያው በልቷል። እኔ ነኝ የከተፍኩለት። ሥጋው እንኳ የዚያው በሬ ነው። ምንም አልሆነ።»

«በዚህ መክተፊያ ከተፍክለት?»

«ኧረ ማን ደፍሮ! ይሄ ከአባቱ የወረሰው ዋንዛ ነው። እኔ በሌላው ነው የምከትፈው። እሱ ራሱ አጥቦ ጥላ ሥር ያደርቀዋል፤ ደረቅ ሲል የተልባ ዘይት ለብ አድርጎ በጨርቅ ያጠጣዋል። ተልባ ሰንበት ሲል ይደርቃል፣ እንጨቱን እንደ ቆዳ ያለብሰዋል።»

ፈቲሀ ጣቷን አሳረፈችበት። ጣቷ ወዛ።

«ከተቀባ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ሳምንት አልፎታል። እሱ ሆስፒታል ሳለ ደርቆ ሊሰነጠቅ ሲል እትዬ አሰፋሽ ናቸው የቀቡት።»

መክተፊያውን አውጥታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። እንጨቱ ሞቅ ሲል ጎንበስ ብላ አሸተተች። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች፤ መነሳት አልፈለገችም። ስትነሳ ዘይቱ ወደተገዛበት ወደ እንሴኖ ሄደች።

በማግስቱ ሁሉንም ክትፎ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አሰፋሽ ጥቁር ለብሳለች። ቴዎድሮስ በካቴና ነው። ከሀብተጊዮርጊስ ጎን የእንሴኖው ዘይት ጨማቂ ሸምሶ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ልክ ነበሩ» አለች ፈቲሀ። «አቶ ዱባለን የገደለው ለውዝ ነው። ነገር ግን ከራሳቸው በቀር ጣባቸውን የነካ የለም። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ሚጥሚጣው ማታ የበሉት ነው። በማግስቱ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መክተፊያው። ተልባ ቢሆን በሁለት ሳምንት ይደርቅ ነበር። ይሄ ግን አሁንም እጅ ያወዛል፤ ሲሞቅም የተቆላ ለውዝ ይሸታል። ያን ዕለት ሽታውን ቅቤና ሚጥሚጣ ሸፈኑት።»

ወደ ሸምሶ ዞረች። ሸምሶ ቀና አላለም።

«ተልባ አልቆብኝ ነበር» አለ። «‹ለእንጨት ነው› አለችኝ። ለእንጨት ምን ልዩነት አለው ብዬ የለውዙን ቀዳሁላት፤ አልነገርኳትም። ወላሂ፣ ለሰው ብትለኝ ኖሮ…»

አሰፋሽ መጀመሪያ አልገባትም። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«ሦስት ጠዋት ነው ያጠጣሁት» አለች። «ሲመለስ ደስ እንዲለው ብዬ። እንጨቱ በቃኝ እስኪል።»

ፖሊሱ የቴዎድሮስን ካቴና ፈታ።

«ታዲያ ማን ሊታሰር ነው?» አለች አሰፋሽ።

«ማንም፣ እትዬ» አለች ፈቲሀ።

«እንዴት ማንም? እኔን እሰሩኛ!» አሰፋሽ ሁለት እጆቿን ወደ ፖሊሱ ዘረጋች። ፖሊሱ ካቴናውን እንደያዘ ፈቲሀን አየ። ፈቲሀ መሬት መሬት አየች።

ቴዎድሮስ መጥቶ አሰፋሽ አጠገብ ተቀመጠ። የተዘረጉ እጆቿን ቀስ ብሎ ይዞ ወደ ጭኗ መለሳቸው።

መልሳ ዘረጋቻቸው።