ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ሰው

ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀራል። ፌንጣ ግን መጠበቅ አልፈጠረባትም።

ሠልጣኝ መስላ እዚህ የምስክሮች ጥበቃ ቤት ሰርቨር ክፍል ከገባች ሦስት ወሯ ነው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ዲስክ መክፈል፣ ማገናኘት፣ ማላቀቅ ተምራለች። አሠልጣኟ እትዬ እንደ ልጃቸው አምነዋት፣ ቁልፉን ትተውላት ምሳ ወጥተዋል።

የምትፈልገው አንድ ዲስክ ነው። በአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ባለቤት ላይ መስክረው የተደበቁ ሠላሳ አንድ ሰዎች፣ ቃላቸውም አድራሻቸውም እዚያ ላይ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። አንዷ ምስክር ታላቅ እህቷ ናት።

ቤቱ ውስጥ የፋብሪካው ሰላይ አለ፣ ዲስኩን ቀድመን እናውጣው፣ ብሏታል ጋሼ። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አላቅቂና በጓሮ በር አስረክቢኝ። ጋሼ በስለላ ቢሮው አለቃዋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሥራውን ያስተማራት፣ ስትታመም ያስታመማት።

የማላቀቂያውን ትእዛዝ ጻፈች።

እምቢ አለ። ዲስኩ ሥራ ላይ ነው።

እትዬ በመጀመሪያው ቀን ያሏት ትዝ አላት፦ አልላቀቅ ካለሽ አትታገዪው፣ ማን እንደተቀመጠበት ጠይቂው። ጠየቀች።

ብቅ ያለው የመግቢያ ስም ባለፈው ሳምንት በገዛ እጇ ለጋሼ የከፈተችለት ነው። ለክፉ ቀን ብሎ ነበር ያስከፈታት። ፋይሎቹን እየቀዳ ነው፤ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይጨርሳል። ወዴት?

ወደ ፋብሪካው ሰርቨር።



«ጋሼ፣ ዲስኩ አልላቀቅ አለኝ» አለች ጆሮዋ ላይ በሸጎጠችው ማዳመጫ፣ ድምጿን አለስልሳ። «ማን ገብቶበት ይሆን?»



«ስድስት ሰዓት አላልኩሽም? አራት ደቂቃ መታገሥ አቅቶሽ ነው? ቁጭ በይ።»

«እሺ ጋሼ። ቁጭ ብያለሁ።»

ቅጂውን ቆረጠችበት። መግቢያውን ዘጋችበት። የአድራሻው ፋይል ገና ወረፋው መጨረሻ ላይ ነበር፣ አላለፈም። ዲስኩን ይዛ እንዳትወጣ ግን በጓሮ በር እሱ አለ፣ በፊት በር ፈታሾቹ። ብትተወው በሌላ ቀዳዳ ይመለሳል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠፋችው።

ሰዎቹ ይተርፋሉ። ቃላቸው አይተርፍም። እትዬን ምን እንደሚሏቸው አላሰበችም፤ አስባ ቢሆን አትጨርሰውም ነበር።

ባዶ እጇን በፊት በር ወጣች። ፈታሹ ዛሬ ምነው ከሰል መሰልሽ ብሎ ቀለደባት። ምሳ አልበላሁም አለችው።

በወሩ በፋብሪካው ባለቤት ላይ የነበረው ክስ ተዘጋ። ጋሼ ፌንጣ ከዳች ብሎ ለቢሮው ጻፈ፤ ታመነም። እሷ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ አንድ ማሠልጠኛ የኋላ ወንበር ላይ ሳለች እህቷ ደወለች። ሦስት ዓመት ተደብቄ የሰጠሁትን ቃል አንዱ እርጉም አጠፋው፣ ያ ሰውዬ እየሳቀ ወጣ፣ ብላ ተንሰቀሰቀች።

«ያጠፋው እጁ ይሰበር» አለች እህቷ። «አሜን በይ እንጂ።»

«አሜን» አለች ፌንጣ። ስልኩን ዘግታ ደብተሯን ገለጠች።