የገብረአብ የመጨረሻ ጥያቄ

ገብረአብ እማማ ወለተሐና ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱ ክዳን ስር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። መፍቻው እጁ አጠገብ ወድቋል። ሊያዞረው የወጣው ዲሽ ግማሹ በጭጋግ ተሸፍኖ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ቆሟል።

በዚያ ሳምንት የክልሉ ቴሌቪዥን የድሮውን ስርጭት ዘግቶ በኤችዲ ብቻ፣ ያውም በሌላ ሳተላይት መጥቷል። ትንሿ የጎረቤላ ከተማ ያኔ ጉድ ሆና ነበር! በየክዳኑ ላይ ሰው፣ በየበሩ «መጣ!»፣ «ጠፋ!»፣ «ኧረ ወደ ግራ!» ነው። አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይጮኻል፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ ጩኸቱን ያቀብላል፤ ከላይ ያለው ያዞራል። የሰፈሩን ዲሽ ሁሉ የሚያዞረው ገብረአብ ነበር። አሁን እሱ ሞተ፤ በር ላይ ቆማ ያቀበለችው ሥርጉት ደግሞ ገዳይ ተባለች።

የከሰሳት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ባሏ፣ የእማማ ወለተሐና ልጅ ደረጀ። «መሰላሉን ስታነቃንቀው አይቻለሁ» አለ። ገብረአብ ከዓመታት በፊት ለሥርጉት ሽማግሌ ልኮ እንደነበር ያልሰማ ጎረቤት ስለሌለ፣ ወሬው ወዲያው ክንፍ አወጣ። ሁለት ፖሊሶች ሊወስዷት በር ላይ ቆመዋል። እሷ ጡት ያልጣለ ልጇን እቅፍ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች።

ከደብረ ብርሃን የተጠራችው ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ገብታ አስከሬኑን አየች፤ የገብረአብን መዳፎችም ጭቃቸውን አስጠርጋ አገላብጣ ተመለከተቻቸው። ከዚያ ወደ ግቢው መጣች። አጭር፣ ብርድ የማትችል፣ ጃኬቷን እስከ አገጯ የቆለፈች ሴት ናት። ሰው ሲናገር አታቋርጥም፤ ዝም ብላ ታያለች። ሰውን የሚያስፈራው ይህ ዝምታዋ ነው።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ አትፍሪ» አለቻት ሥርጉትን።

«እንዴት አልፈራ? ልጄን ይንሳኝ፣ መሰላሉን አልነካሁም! ደረጀ ከውስጥ ‹መጣ! ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ!› አለ። እኔም እንደሰማሁት ወደ ላይ ጮህኩ።»

«ገብረአብስ ምን አለ?»

«‹ምስሉ?› አለ። ገርሞት ነው መሰለኝ። ከዚያ የሰው የማይመስል ድምፅ አወጣና ወደቀ።» እንባዋ መጣ። «መጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ባልጮህ ኖሮ ይተርፍ ነበር? ይወስዱኛል? ልጄንስ ማን ያጠባልኛል?»

ኢንስፔክተሯ «ምስሉ?» ስትል ቃሉን ለራሷ ደገመችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ደረጀ ወንበር አቀረበላት። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ለእረፍት መጥቶ ነው።

«ቴሌቪዥኑ ፊት ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ። ምስሉ ቁልጭ ብሎ ነው የመጣው፤ ዜና አንባቢዋ ቢጫ ልብስ ለብሳ ነበር። ጮህኩና ዞር ስል ሥርጉት መሰላሉን ስታነቃንቅ አየኋት። ሚስቴ ናት፤ አንጀቴ አሯል። ግን እውነቱን ልደብቅ?»

«አይገባም» አለች ፍሬሕይወት። አሮጌውን ሪሲቨር ወደ ራሷ አዞረች። ከዲሹ የሚመጣው ኬብል ጫፉ ጠቁሯል። 

እማማ ወለተሐና ጓዳ ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። «ገብረአብን የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቅዳሴው ከቴሌቪዥኑ ሲጠፋብኝ ጨነቀኝ። ሰው ሁሉ አዲስ ሪሲቨር ካልገዛሽ አይሆንም ይለኛል። እሱ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእርስዎ ይኸው አሮጌው ይበቃል አለኝ።»

«ይህን ሲልዎት ደረጀ ነበር?»

«የት ኖሮ! ገብረአብ ክዳኑ ላይ ከወጣ በኋላ ነው የመጣው። ‹እማዬ፣ ተነሺ፣ እኔ ልጩኽለት› ብሎ ከወንበሬ አስነሳኝ። እኔም ልጁን ታቅፌ ወደ ጓሮ ወጣሁ።»

መምሬ ፍቅረ ማርያም ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ከቤተ ክርስቲያናቸው የብር መስቀል ከተሰረቀ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። «ገብረአብ ትናንት አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የተሰረቀ ነገር ቢመለስ፣ የመላሹ ስም ሳይነሳ ትቀበላላችሁ ወይ አለኝ። በደስታ አልኩት። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«ትናንት የት ሲሠራ ዋለ?»

«እዚሁ። ዲሹን ነገ ላዞረው ብሎ ዘንጉን ሲያይ ነበር።»

ፍሬሕይወት መብራቱን ከቆጣሪው አስጠፋችና መሰላሉን ቀና ብላ አየች። ከፍታ ትፈራለች። «እመቤቴ ሆይ!» እያለች ወጣች። የሌላው ሁሉ ሚስማር ዝጎ ሳለ፣ ከዲሹ ዘንግ አጠገብ ያለው ቆርቆሮ ሚስማሩ አዲስ ነው። አነሳችው፤ እጇን ከስሩ አስገባች። ስትወርድ ጃኬቷ ስር የደበቀችው ነገር ነበር።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጭጋጉ መስኮቱን ዘግቶታል። ሥርጉት ዓይኗ ከፖሊሶቹ ላይ አልነቀል አለ።

«ገብረአብ ከመሰላል አልወደቀም» አለች ኢንስፔክተሯ። «መዳፎቹ ተቃጥለዋል፤ ሁለቱም። የእንጨት መሰላል ቢነቃነቅ ሰው ይጥል ይሆናል እንጂ መዳፍ አያቃጥልም። ገብረአብን የያዘው ኮረንቲ ነው።»

«ዲሽ ላይ ኮረንቲ ከየት ይመጣል?» አሉ መምሬ።

«በኬብሉ። ኬብሉን ከሪሲቨሩ ነቅሎ ከመብራት ያገናኘ ሰው አለ። ጫፉ አሁንም ጠቁሮ ይታያል።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ገብረአብ ስለዚህ አሮጌ ሪሲቨር ምን ነበር ያለዎት? እንዳለው ይንገሩኝ።»

«‹ኤችዲውን ይኸኛው ድምፁን እንጂ ምስሉን አያመጣም፤ ለእርስዎማ ድምፁ ከመጣ ምን ጎደለ› አለኝ። ‹ድምፁን ሲሰሙ መጣ በሉ› ብሎኝ ወጣ።»

 ደረጀ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«አቶ ደረጀ ይህን አልሰማም። ስለዚህ ‹ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ› ብሎ ጮኸ፤ ለእኔም ቢጫ ልብስ ጨመረልኝ። ገብረአብ ግን ያውቃል። ምስል ሊመጣ በማይችልበት ቤት ምስል መጣ ሲባል ገርሞት ‹ምስሉ?› ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሳይሰማ ሞተ።»

«ውሸት ነው! እንዲያውስ መጣ ማለት ምን ይጠቅመኛል?» ደረጀ ብድግ አለ።

«መጣ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ዲሹ እንዳይነቃነቅበት በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይይዘዋል። ያንን ነበር የጠበቅከው። አንተ ጮህክ፣ ሚስትህ አቀበለች፣ እሱ ያዘ። ያኔ ኮረንቲውን ለቀቅህበት። ሰው ወደ ግቢ ሲሮጥ ኬብሉን ወደ ቦታው መለስክ።»

ከጃኬቷ ስር በጨርቅ የተጠቀለለውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። መምሬ የብር መስቀሉን ሲያዩ ተንበረከኩ።

«ከቆርቆሮው ስር ነበር። ገብረአብ ትናንት ዘንጉን ሲያይ አግኝቶት፣ ለደበቀው ሰው ነግሮታል።»

ደረጀ ወንበሩ ላይ ወደቀ። «እስከ እሁድ ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር» አለ። «ራስህ መልሰው፣ እኔ ትንፍሽ አልልም ብሎኛል። አላመንኩትም። ፈራሁ። ቢናገርስ ብዬ ፈራሁ…»

ሥርጉት ተነሳች። ስትንቀጠቀጥ የዋለችው ሴት አሁን ቀጥ ብላ ቆማለች።

«በእኔ አፍ ነው የገደልከው!» አለችው። «በእኔ አፍ! ከዚያም ልጄን ከጡቴ ልታስነጥቀኝ ነበር!»

ፖሊሶቹ ደረጀን ይዘው ሲወጡ «እማዬ!» ብሎ ተጣራ። እማማ ወለተሐና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በእጃቸው እየዳበሱ ሥርጉትን አገኟትና ከነልጇ ደረታቸው ላይ ለጠፏት። «የኔ ልጅ አንቺ ነሽ» አሏት። ሁለቱም አለቀሱ።

ከአርባው በኋላ ከደብረ ብርሃን ሌላ የዲሽ ሠራተኛ መጥቶ ክዳኑ ላይ ወጣ። ሥርጉት በር ላይ ቆመች። ብዙ ካዞረ በኋላ ከጥቁሩ ስክሪን የቅዳሴው ዜማ ድንገት ተሰማ።

«መጣ ወይ?» አለ ሰውዬው ከላይ።

ሥርጉት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እንቢ አላት። ፊቷ አመድ መሰለ፤ የበሩን መቃን ጨበጠች።

«መጣ ወይ? ኧረ ሰው የለም እንዴ?»

እማማ ወለተሐና ከወንበራቸው ተነሱ። በትራቸውን እየጎተቱ በሩ ድረስ ሄደው የምራታቸውን ትከሻ ያዙ፤ ቀና አሉና ባላቸው አቅም ጮኹ።

«ድምፁ መጣ፣ ልጄ! በቃ፣ ተወው! ቀስ ብለህ ውረድ!»