ጠብቆ ሲነበብ

ፖስታው ጉልበቱ ላይ ነው። ውስጡ ዘጠኝ ፓስፖርት አለ።

ሙሉቀን ያዘዘውን ሻይ አልነካውም። ሉማሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ተሳፋሪውን ለምሳ የሚያወርደው በዚህ ሻይ ቤት ደጃፍ ነው፤ ቦታውን የመረጠውም ለግርግሩ ነበር።

ዕቅዱ ቀላል ነው። አንድ የማያውቀው ሰው መጥቶ «ሚዛኑ ተስተካከለ?» ይለዋል። እሱም «ጥቂት ግራም ይቀረዋል» ብሎ ፖስታውን ይሰጠዋል። ከዚያ ኮፍያውን ያወልቃል። ያን ጊዜ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተቀባዩን እጅ ከፍንጅ ይይዙታል። ይህን ያቀደው አዲስ አበባ ያለው አለቃው ነው። የአለቃው የምስጢር ስም «መሪጌታ» ነው፤ የሙሉቀን ደግሞ «ቆሎ»። ስሞቹን ያወጣው መሪጌታ ራሱ ነበር፤ በገዛ ቀልዱም እንባው እስኪመጣ ስቋል።

ከፊቱ ያለው ወንበር ተሳበ።

የመጣው የማያውቀው ሰው አልነበረም። ዶክተር አምደሚካኤል ነበሩ፤ የጮቄ ሳይንስ ኮሌጅ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የምርምር አስተባባሪ። ሙሉቀን ስምንት ወር በእሳቸው ሥር የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኖ ሠርቷል። የተማሪዎቹን ፓስፖርት እንዲሰበስብ ያዘዙትም እሳቸው ናቸው።

«እርስዎ ራስዎ መጡ?»

«ሚዛኑ ተስተካከለ» አሉ ዶክተሩ ፈገግ ብለው። «ሻይህን ጠጣ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል።»

ከደጅ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ተደግፈውታል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አልነበሩም።

«አንድ ነገር ላጫውትህ» አሉ ዶክተሩ። «ከላክናቸው ልጆች አንዱ ለጓደኞቹ ጻፈ። እንሸጣለን ይላል። ላልቶ ሲነበብ ነጋዴ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ዕቃ። ጎበዝ ልጅ ነበር።»

ነበር።

«ምን ሆነ?»

«ትናንት ቀበሩት።»

ሙሉቀን ፖስታውን ወደ ራሱ ሳበ። ያስደነገጠው የልጁ ሞት ብቻ አልነበረም። «ላልቶ ሲነበብ ነጋዴ፤ ጠብቆ ሲነበብ ዕቃ» የሚለው የራሱ ቃል ነው። ከአሥር ቀን በፊት ለሪፖርቱ የጻፈው። ያን ሪፖርት ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«መሪጌታ ሰላም ብሎሃል» አሉ ዶክተሩ።

ሙሉቀን በልቡ ከዶክተሩ ላይ አንቱታውን አነሣ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ኮሌጁ ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ሲሆን በፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ መግቢያ ላይ «የሥራና የምርምር ዕድሎች» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሥሩ ለዓመታት የተለጠፈው ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። ጊዜው ያለፈበት የረዳት መምህርነት ቦታ፣ ብዛት አንድ። የአየር ጠባይ መዝጋቢ፣ ብዛት አንድ። ፊዚክስ የተመረቀ ልጅ ወይ ያስተምራል፣ ያውም ቅጥር ከተገኘ፤ ወይ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ታዲያ አንድ ቀን ባለቀለም ወረቀት ተለጠፈ። የሌዘር ምርምር ረዳት፣ እስያ፣ ወጪው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ። ከሥሩ የአምደሚካኤል ፊርማና ማኅተም።

አሥራ አራት ልጆች ሄዱ። ሌዘር የሚባል ነገር አላዩም። በሽቦ የታጠረ ግቢ ውስጥ ታጉረው በኮምፒውተር የማያውቁትን ሰው ያጭበረብራሉ። አልሆንም ያለውን ለሌላ ግቢ ይሸጡታል። ሙሉቀን የተላከው ይህን ሰንሰለት ሊበጥስ ነበር።

ከሄዱት አንዱ አብዱልቃኒ ነው። በጠባቂዎቹ ፊት ለክፍል ጓደኞቹ የቴሌግራም ቡድን እንዲጽፍ ተደረገ፤ የቀሩት ጓጉተው እንዲከተሉ። እንዲህ ጻፈ፦ «ጓደኞቼ፣ ደህና ነኝ። የምንሠራው ለገበያ ነው። በደንብ እንበላለን፤ በየወሩ እንሸጣለን። መምህር ወልደ ሰንበትን ሰላም በሉልኝ።»

ሁሉም አላልተው አነበቡትና ቀኑበት። የልጁ እህት መዲና ብቻ መጨረሻው ላይ ቆመች። መምህር ወልደ ሰንበት የእሷና የወንድሟ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ማጥበቅና ማላላት ያልለየ ተማሪ አያሳልፉም። ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። መዲና መልእክቱን እንደገና አነበበችው፤ አሁን አጥብቃ። ከዚያ ባለችበት ቁጭ አለች።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው ሙሉቀንን፤ ከተዋወቁ ጀምሮ ስለ ሄዱት ልጆች ሲያጣራ የምትረዳው እሷ ናት። «ከታወቀ ይገሉታል።»

ቃል ገባላት። በዚያው ቀን ለመሪጌታ ጻፈ። እሷን «ቀለም» የምትባል ምንጭ ብሎ አለፋት። ዓረፍተ ነገሩን ግን አሳመረው። ሲያሳምረው ደስ ብሎት እንደነበር አሁን ትዝ አለው።

«ቀለም የምትላት እህቱ ናት?» አለ አምደሚካኤል።

ሙሉቀን ወደ በሩ ተመለከተ።

«ዝም ካልክማ ናት። ተነሥ። ከዚህ ወደ እሷ ነው የምንሄደው፤ አንተም ትመጣለህ።»

የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ።

ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ በሩን ሞላው። ወንበር ተጎተተ። አንድ ሽማግሌ የእጅ መታጠቢያው የት እንደሆነ አምደሚካኤልን ጠየቁት።

ሙሉቀን ተነሣ።

አልሮጠም። ፖስታውን በሸሚዙ ሥር ከተተ። ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ስታልፍ ስልኩን እዘንቢሏ ውስጥ ጣለው፤ በስልኩ ምልክት ለሚከታተለው ሰው ገና እዚያው ምሳውን እየበላ ነው። ወደ ጓዳ ዞረ፤ ከጓዳ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ በቆርቆሮ አጥሩ ክፍተት ወደ መንገድ። ድንች የጫነ አይሱዙ እየተነሣ ነበር።

ተንጠለጠለበት።

የመዲና ፎቶ ኮፒ ቤት ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው። ሙሉቀን ሲገባ ማሽኑን ከፍታ የተሰነቀረ ወረቀት እያወጣች ነበር።

«አምደሚካኤል እየመጣ ነው። ስለ አንቺ ያውቃል።»

«እንዴት አወቀ?»

ሳይመልስ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ዘጠኙ ተጓዦች ስምንት ሰዓት ላይ ለሽኝት ይሰበሰባሉ። ፓስፖርታቸውን መመለሱ ብቻውን ዋጋ የለውም። የሚያምኑት ማኅተም ያለውን ዶክተር እንጂ ቴክኒሺያኑን አይደለም፤ ነገ መልሰው ይሰጡታል። ለፖሊስ ቢያመለክትም መሪጌታ በአንድ ስልክ ያስቆመዋል። የቀረው መንገድ አንድ ነው።

«የአብዱልቃኒን መልእክት አትሚልኝ። እንበላለን፣ እንሸጣለን የሚሉት ላይ የማጥበቂያ ነጥብ አድርጊባቸው። ከሥሩ ጠብቆ ይነበብ ብለሽ ጻፊ።»

«አገር ከሰማው እዚያም ይሰማል። ወንድሜን ምን ያደርጉታል?»

«መዲና።»

«ምን ያደርጉታል ነው የምልህ።»

«ከእንግዲህ ምንም አያደርጉትም።»

ተረዳችው።

«ኢና ሊላሂ» አለች፤ መጨረስ አቃታት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ሙሉቀን ሰዓቱን አየና ሰዓቱን በማየቱ አፈረ። ከዚያ እሷ ተመልሳ የማሽኑን ክዳን ዘጋች።

«ስንት ኮፒ?»

«ሁለት መቶ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሰሌዳው፣ ግድግዳው፣ የላብራቶሪው በር ሁሉ በወረቀቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ያንኑ መልእክት ከወረቀቱ ጋር ያስተያያሉ። አንዷ ጮክ ብላ አነበበችው። አጥብቃ።



የሙሉቀንን ስልክ ሲያሳድድ ሉማሜ ላይ የዘገየው አምደሚካኤል የመጣው በዚህ መሐል ነው። ዐይኑን በጨው አጥቦ «ምን ሆናችሁ ልጆች? ይኼ የምቀኛ ሥራ ነው» አለ። ሁለቱ ሰዎቹ ሕዝቡን ሲያዩ ከደረጃው አላለፉም። ተማሪዎቹ እየገፉ፣ ሳይመቱት፣ የብርሃን ላብራቶሪ ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። የከተማው ፖሊስ ሲደርስ ሁለት መቶ ምስክር ይጠብቀው ነበር። የአምደሚካኤልን ስልክ ሲከፍቱትም ከመሪጌታ ጋር የተጻጻፈው ሁሉ ተገኘ፤ የሚነካኝ አለ ብሎ አስቦ ስለማያውቅ አንዲት መስመር አልሰረዘም።

ሙሉቀን ፓስፖርቶቹን አንድ በአንድ መለሰ። የመጨረሻዋ ተቀባይ የብርጓል ነበረች፤ የክፍሉ አንደኛ። አባቷ ሊሸኟት ከጉንደ ወይን መጥተው ከኋላዋ ቆመዋል። የገዙላት ሻንጣ ላስቲኩ አልወለቀም።

«ይኼ ውሸት ከሆነ እውነተኛው የት ነው የሚለጠፈው?» አለችው።

አላውቅም አላት።

ሥራው አልቋል። ደንቡ የሚለው፣ ሥራ ሲያልቅ ወደ ኋላ አትዙር ነው። እሱ ግን መንገዱን ተሻግሮ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገባ። ጎረቤት ገና አልሰማም፤ መዲና ብቻዋን መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«እንዴት አወቀ ብለሽኝ ነበር» አላት። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለአለቃዬ። አምኜው ነበር።»

አልጮኸችም። ቀና ብላ አየችው።

«ሙሉቀን ስምህ አይደለም፤ አይደል?»

«አይደለም።»

«እውነተኛውን ንገረኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«አላህ ፊት እጄን ሳነሣ ማን ብዬ ልክሰስህ? ይኼ ከተማ ስንት ሙሉቀን አለበት። እነሱ ምን አደረጉኝ?»

አሥራ አንድ ዓመት ስሙን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሚስት ያላገባውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ሊዋሻት ይችል ነበር፤ መዋሸት ሙያው ነው።

ነገራት። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

እንዳትረሳው አንድ ጊዜ ደገመችው። ከዚያ በእጇ ውጣ አለችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደምበጫ ላይ ከሚኒባስ ወረደ። የአልጋ ቤቷ ሴትዮ መዝገቡን ገፋችለት፤ ከሦስት ስሞች አንዱን መርጦ መጻፍ ጀመረ። ከገበያው ወዲያ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ደብረ ማርቆስ ያለችው መዲናም የምትሰግደው በዚሁ ሰዓት ነው።

«ወንድሜ፣ የአባትህንም ስም ጻፍ» አለችው ሴትዮዋ።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዛኑ እስኪያልቅ ቆመ።