የጥንቸሏ ልጅ ሙቀት

ቀጨኔ ዳገት ላይ ባለው የትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ ውስጥ የቦንቱ ቡጢ የኦልያድን አፍንጫ አገኘው። ኦልያድ ተንገዳግዶ የመስታወት ብልቃጦቹ ላይ ወደቀ። ደሙ ዩኒፎርሙ ላይ ይንጠባጠባል። ቦንቱ ግን አልበቃትም፤ ኮሌታውን አንቃ ከግድግዳው ጋር አጋጨችው።

«ገደልካቸው! ጨካኝ!»

ጠረጴዛው ላይ ባለው ካርቶን ውስጥ፣ የትምህርት ቤቱ ጥንቸል ሰሞኑን የወለደቻቸው ሦስት ልጆች ተጋድመዋል፤ ሁለቱ ደርቀዋል። የጥንቸል ልጅ ሲወለድ ፀጉር የለውም። ብርድ ሲነካው ትከሻዎቹ መካከል ያለው ቡናማ ስብ በየህዋሱ እየነደደ ያሞቀዋል። ሁለቱ ጓደኛሞች ለሳይንስ ውድድር ሊለኩ ያሰቡት ይህንን ሙቀት ነበር። ልጆቹን ለጥቂት ደቂቃ ከጎጇቸው ማውጣት፣ የትከሻቸውንና የሆዳቸውን ሙቀት ማነጻጸር፣ ወዲያው ወደ እናታቸው መመለስ። ኦልያድ ግን ብርዱ ሲበዛ ሙቀቱም ይበዛል ብሎ፣ ካርቶኑን የእንጦጦ ነፋስ የሚያፏጭበት መስኮት ላይ አስቀምጦ ቁርሱን ሊበላ ሄደ። ስብም እንደ ማገዶ እንደሚያልቅ ማን ይንገረው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«አላወቅኩም አቦ! እ... ማለቴ... ትልቅ ቁጥር ፈልጌ ነው» አለ አፍንጫውን ይዞ።

ሦስተኛዋ እግሯን አንፈራገጠች።

«ዋቃ ኮ! አምላኬ!» አለች ቦንቱ።

ኦልያድ ቴርሞሜትሩን አፈፍ አደረገ። «እንዳትነኪያት! ሆዷ በረዶ ነው፣ ትከሻዋ ገና ይሞቃል። አንዴ እንለካትና በቃ! ውድድሩ እኮ ከሰዓት ነው፤ ያለዚህ ምን ይዘን እንቀርባለን?»

እውነቱን ነው። ቦንቱም ዓመቱን ሙሉ ስታልም የኖረችው ይህንን ውድድር ነበር። እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጣቷን በትንሿ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ ሙቀቱ እየከዳ ነው።

ልታነሳት ስትል ኦልያድ ክንዷን ጠመዘዘው። እጁን ነከሰችው። እሱም ቅልጥሟን በእርግጫ አላት፤ ቴርሞሜትሩ ወድቆ ተሰበረ። ቦንቱ እያነከሰች ትንሿን ሹራቧ ውስጥ፣ ከገላዋ ጋር አጣበቀቻት።

በሩ ተከፈተ። የባዮሎጂ መምህርቷ ብርቅነሽ ደሙንና ስብርባሪውን አይተው ደነገጡ።

«ምን ጉድ ነው? ማነው የደበደበህ?»

ኦልያድ ቦንቱን በዐይኑ ጠቀሳት። «ወድቄ ነው ቲቸር። ጥንቸሎቹም ጠዋት ስንመጣ ሞተው ነው ያገኘናቸው። አይደል ቦንቱ?»

አዎ ብትል ሁለቱም ይተርፋሉ። የተደባደበ ተማሪ ከውድድሩ እንደሚታገድ ታውቃለች። በኦልያድም፣ በራሷም ተናዳለች።

«እኔ ነኝ የመታሁት ቲቸር» አለች። «ጥንቸሎቹን ግን ምን እንደገደላቸው እሱ ይንገርዎት።»

«ውድድሩ እንደሚቀርብሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህችን እናቷ ጋ ላድርሳት።»

መምህርቷ ከበሩ ላይ ዞር አሉላት።