ባዶ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ራኬብ ሚልኪያስን ያገኘችው በ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ ሾርባ ልትገዛ ሄዳ ነው። መቐለ፣ ሓወልቲ አካባቢ፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ፣ ጠባብ ምግብ ቤት ነበረችው።

«ለበሽተኛ ነው። በእናትህ፣ ጨው እንዳታበዛበት» አለችው፣ ምሳ ዕቃዋን እየዘረጋችለት።

«ማን ነው የታመመው?»

«እናቴ።»

ሌላ አልጠየቃትም። ቀና ብሎ አያትና ሾርባውን እስከ አፉ ሞላላት። ከዚያ በኋላ ምግቡን ራሱ ቤቷ በር ድረስ ያመጣላት ጀመር።

እናቷ ወይዘሮ አያልነሽ ከሸዋ ለአስተማሪነት መጥተው መቐለ የቀሩ፣ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። አሁን ጉሮሯቸው እህል አላስገባ ብሏል። ሾርባው ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ልመልስለት?»

«ኧረ በጭራሽ! ሰው የለፋበት ምግብ ይመለሳል እንዴ? ዕቃውን ባዶ አድርገሽ ስጪው።»

ራኬብ ማድ ቤት ቆማ በላችው። እርቧት አልነበረም። ስትውጥ ግን ደረቷ ላይ የከበዳት ነገር ቀለል አለላት፤ ስለዚህ ድስት ውስጥ የቀረውን ወጥ ጨመረችበት፤ ከሞሰቡም እንጀራ አወጣች። ሆዷ እስኪወጠር በላች። ምሳ ዕቃውን ስታጥብ ያ ክብደት ተመልሶ መጣ።

በማግስቱ ሚልኪያስ በር ላይ ቆሞ «በሉ?» አላት።

«ጨረሰችው።»

ፊቱ በራ። ያን ፊት ለማየት ስትል በማግስቱም ዋሸችው።

«ከጨረሱማ ልጨምር» ብሎ ምሳ ዕቃውን በትልቅ ቀየረው። አንድ ቀን ዕቃውን ሲቀበላት እጇን ይዞ ቆየ።

«ይሻላቸዋል። ደህና ሲሆኑ ሽማግሌ እልካለሁ፤ እምቢ እንዳትይኝ» አላት።

 ራኬብ እጇን አልነጠቀችውም።

እናቷ በመነመኑ ቁጥር እሷ ወፈረች። ቀሚሷ ሁሉ ጠበባት። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሰው «ተመችቶሻል!» ይላታል፤ እሷም ፈገግ ብላ ታልፋለች። ተመችቷት እንዳልሆነ ማን ይንገረው?

ወይዘሮ አያልነሽ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ አረፉ። ድንኳን ተጣለ፣ ሰው ተሰበሰበ። ራኬብ እንባ እምቢ አላት፤ እሺ ያላት መብላት ብቻ ነው። ሐዘንተኛ አልበላም ሲል ይለመናል፣ ወጉ እንደዚያ ነው። እሷ ግን ማንም ሳይለምናት የቀረበላትን ጨርሳ ሌላ ጠበቀች። ሴቶቹ ተያዩ።

«የሞተ ተጎዳ» አሉ፣ ከቁሓ ለለቅሶ የመጡት የሚልኪያስ እናት። የሚያወሩት ለልጃቸው ነው፣ ራኬብም እንድትሰማ አድርገው። «ይቺን ሆዳም ነው ቤቴ የምታመጣብኝ?»

በሽተኛዋን ሲያጥቡ የከረሙት ጎረቤት፣ ኣደይ ኣበባ፣ አላስቻላቸውም።

«ተያት በጃኺ፣ እባክሽ! ኣያልነሽ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ሁለት ወር ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። ይህቺ ጓለይ፣ ልጄ፣ ያንን እያየች ምን ትሁን?»

ሚልኪያስ ቀስ ብሎ ወደ ራኬብ ዞረ። የጠቀለለችው እንጀራ እጇ ላይ ነበር። ልታስቀምጠው ፈለገች፤ አልቻለችም። መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«አንቺ ነበርሽ የምትበዪው?»

«እኔ ነበርኩ። ማቆም አቃተኝ፣ ሚልኪ። ስጨነቅ እበላለሁ፣ ስበላ ደግሞ እጨነቃለሁ። በቃ፣ ከእናትህ ጋር ሂድ።»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። 

«እንኳንም አንቺ በላሽው» አላት፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው።

ከሳህኗ ቆርሶ ጠቀለለና፣ አልበላም ያለች ሐዘንተኛ እንደሚለምን ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ኧረ ብዪ እንጂ፣ ራኬብ! እስኪ በእናትሽ! ይህችን ብቻ!»

«በእናትሽ» ማለቱ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ሲለምን የሚለው ነው፤ ራኬብም ስንት ጊዜ ተለምናበታለች። ጉርሻው አፏ ውስጥ ቀረ። አልወርድ አላት።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹም ተከትለዋት አለቀሱ።

ሚልኪያስ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። እናቱ ከድንኳኑ በር ሆነው ሁለቴ ጠሩት፤ አልተነሳም።